ፑንቲና የሌላት መኪና

በማተሚያ ቤቱ ሠላሳ አራት ዓመት ስትሠራ የወጣላት ስም «ነጠላ ሰረዝ» ነበር። አራሚ ነበረች። መጽሐፍ ይሁን መጽሔት፣ የማስታወቂያ ወረቀት ይሁን የሠርግ ጥሪ፣ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ማለፍ አለበት። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከቦታዋ ብትንሸራተት ቀይ እስክሪብቶዋን አንስታ እንደ ጠፋ በግ መልሳ ታስገባታለች። በኋላ የመጡት ወጣቶች ስሙ ሳይረዝምባቸው አልቀረም፣ «ሰረዝ»ን ጥለው «ነጠላ» ብቻ ይሏት ጀመር። ባል እንዳላገባች፣ ልጅ እንዳልወለደች፣ ምሳዋንም በመስኮቱ ሥር ብቻዋን እንደምትበላ ያላየ የለምና ቀልዱ ያስቃቸው ነበር። እሷም ገብቷታል። ግን አልተቆጣችም። ስህተቱን እንጂ ልክ የሆነውን ማረም ሥራዋ አይደለም።

ጡረታ ስትወጣ የነበራት ሀብት ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍና አንዲት አሮጌ መኪና ነው። መኪናዋ ባለ አራት በር፣ ትንሽ፣ ሰማያዊ ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አገር ለቆ ከሚሄድ የጥርስ ሐኪም ገዛቻት፤ ያኔም ቢሆን አዲስ አልነበረችም። ኮፈኗ ሲከፈት እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች በፕላስቲክ የተከናነበ ነገር የለም፤ ሆዷ እንደ ድሮ ሰው ሆድ ግልጽ ነው።

ይህች መኪና አንድ ዓመል አለባት፤ ፑንቲናዋ። ፑንቲና ማለት ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ፣ ኤሌትሪኩን በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ተደብቃ በከፈተችና በዘጋች ቁጥር ለካንዴላዎቹ እሳት የምታስልክ የብረት ከንፈር ናት። በደቂቃ ስንት ሺህ ጊዜ ስትከፈትና ስትዘጋ ትውላለችና ጫፏ ይበላል፣ ክፍተቷም ይዛባል። ያኔ መኪናዋ ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ታስነጥሳለች። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ጫፏን የሚሞርድ፣ ክፍተቷን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው በሰፈሩ «ጋሽ ብልጭታ» የሚባሉት የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። የሥራ ቤታቸው በጫማ ጠጋኝና በመስታወት ቆራጭ መካከል የተሰነቀረ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የሽቦ ጥቅልል እንደ ቀለበት ተደርድሯል፤ ወለሉ ላይ ባትሪዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አየሩ አሲድና የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል። ረዳት የላቸውም። ሚስታቸው ከሞቱ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኗል፤ አንድ ልጃቸው የአራት ሰዓት መንገድ በሚያስኬድ ከተማ አስተማሪ ናት።

ሰማያዊቷ መኪና ስትቆም ጋሽ ብልጭታ ምን ሆነች ብለው አይጠይቁም። መጀመሪያ በርጩማ ያወጡና በክንዳቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ «ይቀመጡ ወይዘሪት» ይላሉ። በዚህ ዕድሜዋ «ወይዘሪት» የሚላት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሷም «ጋሼ» ትላቸዋለች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «አንቺ» እና «አንተ» አልተባባሉም። ከዚያ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ወሬውም አብሮ ይከፈታል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ስህተት አገኙ?» ይሏታል፣ ጭንቅላታቸውን ሞተሩ ውስጥ ቀብረው።

እሷ ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው። ጋዜጣ ላይ ያየችውን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያነበበችውን የፊደል ግድፈት ሁሉ በትንሽ ማስታወሻ ትይዛለች። አንዴ፣ «ኃላፊው አዲሱን ድልድይ ሰርቀው ከፈቱ ይላል ጋሼ። መርቀው ለማለት ነው» ስትላቸው ካቻቢቴያቸው ከእጃቸው ወድቆ ሞተሩ ሥር ገባ። እየሳቁ ሲፈልጉት ቆዩና፣ «እንዴት እርግጠኛ ሆኑ ወይዘሪት? ምናልባት ፊደል ለቃሚው ሐቀኛ ሰው ይሆናል» አሏት። እሷም ሳቀች። ቤቷ ተመልሳም ሳቀች። ማታ ራቷን ስትበላ እንደገና ትዝ አላትና ማንኪያዋን አስቀምጣ ብቻዋን ሳቀች፤ ከዚያ የሳቋ ድምፅ ባዶ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ ስታስተውል ጸጥ አለች።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ዝምታው በርትቶባታል። ዳቦ ቤት «ሁለት ስጠኝ» ካለች በኋላ ድምጿ እስከ ማግስቱ ሥራ የማያገኝበት ቀን ብዙ ነው። ወንድም አላት፤ ግን በበዓል ቀን ደውሎ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ተባብለው የሚዘጋ ወንድም ነው። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ መንገድ ላይ ሲያገኟት «አንድ ቀን እንገናኝ» ይሏታል፤ አንድ ቀን የሚባለው ቀን ግን በቀን መቁጠሪያ ላይ የለም። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የነበረው የፑንቲና ቀጠሮ ሳታውቀው በየሁለት ወሩ ሆነ።

እንዲያውም ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ መኪናዋ እንደ ሰዓት እየሠራች፣ ተነሥታ ወደ እሳቸው ሄደች። «ትንሽ ታንገጫግጫለች» አለች፤ ውሸቷን ነው። ጋሽ ብልጭታ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ክዳኑን አነሡ፣ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ነካኩ። ሞተሩን አስነሥተው ጆሯቸውን ጣል አደረጉበት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልክ ነዎት ወይዘሪት፤ ትንሽ ፈንገጥ ብላ ነበር። አስተካክያታለሁ» አሏት። እሷም አመሰገነቻቸው። ሁለቱም እንደ ዋሹ ሳያውቁ አልቀሩም።

ነገሩ የተለወጠው ዝናብ ሲያካፋ ባደረ አንድ ጠዋት ነው። መኪናዋ የምር አልነሳ ብላ፣ ሦስት መንገደኞች ገፍተውላት በስንት መከራ ነው ጋሽ ብልጭታ ደጅ የደረሰችው። እሳቸው ዲስትሪቢዩተሩን ከፍተው እርጥበቱን በጨርቅ አደራረቁ፣ ፑንቲናውን ሞረዱ። ወሬ አላነሡም። ሲጨርሱ ኮፈኑን ሳይዘጉ እጃቸውን እየጠረጉ፣

«ወይዘሪት፣ ይህን ፑንቲና እናውጣው» አሏት።

«አውጥተን ምን እናድርግ?»

«በኤሌክትሮኒክስ እንተካው። የሚነካካ ነገር የለውም፤ አይበላም፣ አይሞረድም። አንዴ ከገባ እርስዎም ይረሱታል፣ እሱም ይረሳዎታል።»

«ምን አስፈለገ? እርስዎ እያሉልኝ?»

ጋሽ ብልጭታ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «መለዋወጫ መደብር ሄደው ያሉትን ዓይነቶች ይጠይቁ። አንብበው መምረጡ የእርስዎ ሙያ ነው። የመረጡትን ይዘው ይምጡ፣ እኔ እገጥመዋለሁ» ብለው ወደ ባትሪዎቻቸው ዞሩ።

መለዋወጫ መደብሩ ውስጥ የተቀበላት ሻጭ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። የመኪናዋን ዕድሜ ስትነግረው፣ «ይቺንማ መንዳት ሳይሆን መጦር ነው» አለ። ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። ከመጋዘን ሦስት ካርቶን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረላት።

«ይኼ» አለ የመጀመሪያውን እየነካ፣ «ሙሉ ዲስትሪቢዩተር ነው። አሮጌውን መንቀል፣ አዲሱን መትከል። ጥሩ ነው፣ ግን ለእርስዎ መኪና ትንሽ የሠርግ ቀሚስ ይሆንባታል። ይኼኛው ደግሞ በፑንቲናው ቦታ ልክ ይገባል፤ አንድ የማግኔት ቀለበት አለው፣ ቀለበቱ ሲዞር ይቺ ጥቁር ነገር ታየዋለች፣ ሳትነካው እሳቱን ለሚያመነጨው ቦቢና ምልክት ትሰጣለች። በውጭ ሲያዩት መኪናዎ ያው የድሮዋ ናት።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱ ለፈሪ ነው፣ አይቀየሙኝና። ፑንቲናውን አያወጣውም። ከጎን አንዲት ሣጥን ትጨምራለች። ከባዱን ኤሌትሪክ ሣጥኗ ትሸከምለታለች፣ ፑንቲናው ምልክት ብቻ ይሰጣል። ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ፑንቲና ያው ፑንቲና ነው፤ አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይፈልጋል።»

«አልፎ አልፎ ማለት በስንት ጊዜ?»

ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ። «በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ። እንደ ሰዉ ነው።»

የሦስቱንም የአገጣጠም መመሪያ ይዛ ቤቷ ገባች። ሦስት ቀን ሙሉ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም ማለት ይቻላል። መስመር በመስመር አነበበች። ከመኪናዋ ባትሪ የትኛው ጫፍ ከአካሏ ጋር እንደታሰረ ወጥታ አየች፣ ጻፈች። ቦቢናዋ ላይ ያለውን ቁጥር በእጅ ባትሪ አብርታ ገለበጠች። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ በርቶ ከቆየ ጥቁሯ ዕቃ ልትቃጠል እንደምትችል የሚያስጠነቅቀውን መስመር በቀይ አሰመረችበት። ባለ ማግኔቱ በሁሉም መንገድ ይሻላል፤ ይህን ለማወቅ አራሚ መሆን አያስፈልግም ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ሄዳ የገዛችው ሦስተኛውን፣ ፑንቲናውን የማያወጣውን ነው።

ጋሽ ብልጭታ ካርቶኑን ተቀብለው ሣጥኗን በእጃቸው አገላበጡ። ወደ መንገዱ ብርሃን አስጠግተው ለማየት ሞከሩና ተዉት።

«ፑንቲናውን ያስቀረ ነው አይደል?»

«አዎ። ችግር ቢመጣ ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል። ደግሞ የመኪናዋን ነገር ብዙ አይነካም። ደግሞ...» ምክንያቶቿን አንድ በአንድ ደረደረች። ሁሉም እውነት ነበሩ።

ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ በርጩማ አወጡ፤ ይህ የተለመደ ነው። ሁለተኛ በርጩማ አወጡና ከፊቷ ተቀመጡ፤ ይህ ግን ሆኖ አያውቅም።

«ወይዘሪት፣ ምን ያህል እንደማየው ያውቃሉ እርስዎን?»

አልገባትም።

«ልብስዎ ጠቆር ያለ ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም። የፑንቲናውን ክፍተት በዓይኔ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በጥፍሬ ነው የምለካው፣ በጆሮዬ ነው የማስተካክለው። የባለፈው ጊዜ አልነሣም ያለችው በዝናቡ አይደለም፤ እኔ ነኝ አጥብቤ የተውኳት። ሦስት ሰው መንገድ ላይ ሲገፋዎት ሰማሁና በዚያች ቀን ቆረጥኩ።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ ግማሽ ዓይን ይዤ በሰው መኪና ስጫወት ከረምኩ።»

እሷ ሣጥኗን ወደ ካርቶኑ መለሰቻት።

«ልጄ በወሩ መጨረሻ ትወስደኛለች። ቤቱን አስረክቤያለሁ። ከእኔ በኋላ በዚህ ከተማ ፑንቲና የሚሞርድልዎት የለም፤ ወጣቶቹ ኮምፒዩተር ሰክተው ነው የሚጠይቋት፣ እሷ ደግሞ መልስ አትሰጥም። መንገድ ላይ ስትቆምብዎት ማን ይደርስልዎታል ብዬ ነው ማንንም የማትፈልግ ትሁን ያልኩት።»

ጫማ ጠጋኙ በወዲያኛው በኩል ሚስማር ይመታል። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። ሽማግሌው ያሰቡላትን ነገር እሷ እንዴት ባለ ልብ ስትሸሸው እንደሰነበተች አሰበችና ፊቷ ጋለ፤ እንኳን አላዩኝ አለች በሆዷ፣ ወዲያው ደግሞ በዚህ ሐሳቧ አፈረች።

«እለውጠዋለሁ» አለች። «በባለ ማግኔቱ።»

«እንዲያ ነው» አሉ።

የገጠሙት በማግስቱ ነው፤ ከቀትር በፊት። እሷ መመሪያውን ይዛ ከኮፈኑ ጎን ቆመች፤ እሳቸው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ያንብቡ» አሉ። እሷም ማተሚያ ቤት ውስጥ ለጓደኛ አራሚ እንደምታነበው፣ ቀስ ብላ፣ ቃል ሳትውጥ፣ ነጥቡን ሁሉ እየጠራች አነበበች። ጣቶቻቸው የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን፣ ሽክርክሪቱን፣ ትንንሾቹን ብሎኖች ዳሰስ እያደረጉ አወጡ። አሮጌዋ ፑንቲና ስትወጣ በመዳፋቸው ላይ መዘን አደረጓትና አብራት የምትሠራውን ኮንደንሰር ጨምረው በጋዜጣ ጠቀለሏት።

«ይቺን መኪናው ውስጥ ያስቀምጧት። ፑንቲና ሲሞት ታሞ፣ አስታሞ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ግን ሳይታመም ነው የሚሞተው፤ ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ የለም።»

የማግኔት ቀለበቱ ገባ። ጥቁሯ ዕቃ ቦታዋን ያዘች። ሽቦ የማሰሩ ተራ ሲደርስ እሷ ንባቧን አቋረጠች።

«ጋሼ፣ ይቆዩ።»

«ምን?»

«ጽሑፉ ቀዩ ሽቦ ከቦቢናው የመደመር ምልክት ይታሰር ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን ቀዩ የሄደው ወደ መቀነሱ ነው። አንዱ ተሳስቷል።»

ጋሽ ብልጭታ ሽቦውን እንደያዙ ቀሩ። «ያገላበጥነው እንደሆነ ቁልፉን ባዞርንበት ቅጽበት ይቺ ዕቃ ትሞታለች» አሉ። «ደግመው ያንብቡልኝ፤ ከላይ ጀምረው።»

ከላይ ጀምራ አነበበች። በመጨረሻው ገጽ ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማስታወሻ ነበረች፤ እሷም ቀዩን ከመደመሩ ጋር ታገናኘዋለች። ሁለት ለአንድ። እሳቸውም ከልምዳቸው ሲያስቡት መደመሩ ነው ልክ። የተሳሳተው ሥዕሉ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል!» አሉ ጋሽ ብልጭታ ሽቦውን እያሰሩ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ያወራሁት ለካ ረዳቴን ነው።»

እሷ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። ቀይ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለውን መስመር ሰርዛ ወደ ትክክለኛው ቦታ አሰመረችው፤ ያንን ወረቀት ከእሷ በቀር ማንም እንደማያነበው ታውቃለች።

ቁልፉን ስታዞር መኪናዋ አልተግደረደረችም። በግማሽ ዙር ተነሣች። ድምጿ ልስልስ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ሌላ መኪና የሚመስል ድምፅ ነበር። ጋሽ ብልጭታ ኮፈኑን ዘግተው እጃቸውን በላዩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ የሾፌሩን ሳይሆን የጎኑን በር ዳሰው ከፈቱና ገቡ።

«እስቲ ዳገቱን እንያት» አሉ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኗ ተቀመጡ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለውን ረጅም ዳገት ወጡ፤ ድሮ መኪናዋ እዚያ ስትደርስ ማስነጠስ ትጀምር ነበር። አሁን እንደ ሜዳ ወጣችው። እላይ ደርሰው መንገድ ዳር ቆሙ። ከተማው በታች ተዘርግቷል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከር፣ የተሰጣ ልብስ። እሷ ያየችውን ትነግራቸው እንደሆነ አሰበችና ድፍረት አጣች። እሳቸውም መስታወቱን ዝቅ አድርገው ነፋሱን ፊታቸው ላይ ተቀበሉ። ከዚያ ተመለሱ።

በወሩ መጨረሻ ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እሷ ያን ቀን አልሄደችም። ከልጅ ፊት ቆማ ምን ነኝ ልትል ነው?

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። በዝናብም ትነሣለች፣ በብርድም ትነሣለች። ሦስተኛው ወር ሲሞላ አንድ ጠዋት ለባብሳ፣ ማስታወሻዋን በቦርሳዋ ይዛ፣ ቁልፉን አንሥታ ወጣች። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው ወዴት እየሄደች እንደሆነ ያስተዋለችው። ሆኖም አልተመለሰችም። በጫማ ጠጋኙና በመስታወት ቆራጩ መካከል ፎቶ ኮፒ ቤት ተከፍቷል። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። አሲድ አይሸትም። በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ ውስጥ ሁለት ስህተት አገኘች፤ የምትነግረው ሰው ስላልነበረ ሳትጽፈው ተመለሰች።

የልጃቸው ስልክ ቁጥር ነበራት። ጋሽ ብልጭታ በባትሪ ካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ፣ አንዱን ቁጥር በሌላው ላይ እያነባበሩ ጽፈውላታል። ብዙ ቀን ቁራጯን አንሥታ አስቀመጠቻት። ደውላ ምን ትላለች? ከእሳቸው ጋር ስታወራ ሁልጊዜ በመካከላቸው የተከፈተ ሞተር ነበር። ሞተር በሌለበት ወሬው ከየት እንደሚጀመር አታውቅም።

አምስተኛው ወር ላይ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ሳትደውል፣ ነዳጅ ሞልታ መንገድ ገባች። ከከተማ ውጭ እንዲህ ርቃ ነድታ አታውቅም፤ ድሮማ ማን ይደፍራል፣ መንገድ ላይ ብትቆምስ። አሁን ግን ሰበቡ የለም። አራት ሰዓት ሙሉ ሞተሩ ያለ ሳል ወሰዳት። ሁለት ጊዜ ልመለስ ብላ መኪናዋን ዳር አወጣች። ሁለተኛው ላይ ለመዞር የሚመች ሥፍራ ስላልነበረ ቀጠለች።

ቤቱን ልጃቸው በምታስተምርበት ትምህርት ቤት በኩል ጠያይቃ አገኘችው። የግቢውን በር የከፈተችው ልጃቸው ናት፤ እጇ ላይ ሳሙና አለ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«እኔ... የአባትሽ ደንበኛ ነኝ። የመኪና።»

«ውይ እናቴ፣ አባባ እኮ ሥራ ትቷል። ዓይኑም...»

«አውቃለሁ። መኪናዋ ደህና ናት።»

ልጃቸው ግራ ተጋብታ ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ፣ «ማነው?» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ፣ «ወይዘሪት ነዎት?» አለ።

ልጃቸው አፏን ሳሙና በነካው እጇ ልትይዝ ምንም አልቀራት። «ወይዘሪት ማለት እርስዎ ነዎት? እኔ እኮ ወይዘሪት እያለ ሲያወራልኝ ልጅ እግር ሴት መስላኝ ነበር! ሳላውቀው ስንት ነገር ጠርጥሬ...» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደንገጥ ብላ፣ «ይግቡ፣ ይግቡ» አለች።

ጋሽ ብልጭታ በረንዳው ላይ በነጠላ ጫማ ተቀምጠዋል። አንሰዋል። እጃቸው ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ያየችው ጥቁር ቅባት ለቆ፣ መዳፋቸው እንደ ሕፃን ነጽቷል፤ ከሁሉ ይህ አንጀቷን በላው። ወንበር ቀረበላት። የልጅ ልጆች በግቢው ውስጥ ይንጫጫሉ።

«ታንገጫግጫለች?» አሉ።

«የለም።»

«ዳገት ላይስ?»

«ምንም አልሆነችም ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆነው መጡ?»

እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። በመንገዱ ላይ ስንት መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሁሉም ጠፉባት። «እርስዎን ልጠይቅ» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ፣ «ቤቱ ሰው ሙሉ ነው ወይዘሪት። ይወዱኛል፣ ምንም አላጎደሉብኝም። ግን የተበላሸ ነገር ሲኖር ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት» አሏት።

ምን ብላ ታጽናናቸው? ማጽናኛ ማረም እንጂ መጻፍ አልለመደችም። ስለዚህ ማስታወሻዋን አወጣችና አነበበችላቸው። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሳይቀር በቃሏ ነገረቻቸው። አንዱ ላይ ሳቁ፣ አንዱ አልገባቸውም፣ አንዱን አስደገሟት። አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። ከዚያ ወሬው አለቀ፤ እሳቸውም ደከሙ፤ ልጃቸው መድኃኒታቸውን ይዛ መጣች። ሲለያዩ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «መንገዱ ረጅም ነው፤ አይመላለሱ» አሉ፤ እጇን ግን ቶሎ አለቀቁም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። በሁለተኛው እሳቸው ታመው ብዙ አላወሩም። በሦስተኛው በረንዳው ላይ ተቀምጠው አንድም ቁም ነገር ሳያወሩ ዋሉ። በመካከሉ ያሉት ወራት ያው እንደ ድሮው ናቸው፤ ዳቦ ቤት፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት። ያን የመጀመሪያ እሑድ ስትመለስ ነዳጅ ማደያ ቆማ ነበር። ቀጂው የአሮጌዋን መኪና ድምፅ አድንቆ፣ «ከየት ነው በዚህ ሰዓት እናት?» አላት።

«ሰው ጠይቄ እየተመለስኩ ነው» አለች።

«ዘመድ?»

አሰበች። የሚስማማ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ቀጂውም መልሱን ሳይጠብቅ ከኋላ ወደ ቆመው የጭነት መኪና ሄዶ ነበር። እሷ መስታወቱን ዘጋች፣ ቁልፉን አዞረች፣ ገና ሁለት ሰዓት የሚቀራትን መንገድ ያዘች።